የሞተሩ አፍ ለምን ይንቀሳቀሳል?

አውሮፕላን ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሞተሩ አፍ ላይ ነው። ክንፉም ጭራውም በኋላ ይደርሳሉ። አየር የሚገባበት ክፍት ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ከንፈሩ ወፍራም ነው ወይስ ስል? መሃሉ ላይ ሾጣጣ ነገር ተቀምጧል? ጎኑ ላይ ትንንሽ በሮች ይታያሉ? እነዚህን ካየሁ አውሮፕላኑ በምን ያህል ፍጥነት እንዲበር እንደታሰበ በግምት መናገር እችላለሁ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል እንደ ተራ ቀዳዳ ያልፈዋል። እኔን ይቆጨኛል። ምክንያቱም አውሮፕላኑ ከድምፅ በእጥፍ ሲፈጥን ከባዱን ሥራ የሚሠራው ይሄው ቀዳዳ ነው።

የእኔ ሥራ መሬት ላይ ከተተከሉ ጋዝ ተርባይኖች ጋር ነው፤ መብራት የሚያመነጩትን ማለቴ ነው። አሠራራቸው ከአውሮፕላን ሞተር ጋር አንድ ነው። ፊት አየሩን የሚያጭቅ ኮምፕረሰር፣ መሃል ማቃጠያ፣ ኋላ በጋዙ የሚዞር ተርባይን። የእኛዎቹ ግን ምቾት አላቸው። አየሩ በትልቅ ማጣሪያ ቤት አልፎ፣ ጸድቶ፣ ረግቶ፣ ቀስ ብሎ ይመጣላቸዋል። እንዲያም ሆኖ ኮምፕረሰሩ ደጃፍ ላይ የሚዞሩ መሪ ክንፎች አሉ። ጭነት ሲቀንስ ጠበብ፣ ሲጨምር ከፈት ይላሉ። የሚመጣው አየር ከኮምፕረሰሩ ፍላጎት ጋር ካልተስማማ ምን እንደሚከተል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰርጅ ይባላል። አየሩ ወደፊት መሄዱን ትቶ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደ መድፍ ይጮኻል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ያንን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። ቆሞ በሰላም አየር የሚስብ ማሽን እንዲህ ከሆነ፣ በሰዓት 2,000 ኪሎ ሜትር የሚበረውስ እንዴት ነው የሚተርፈው?

መልሱ የሚጀምረው ኮምፕረሰሩ ከሚፈልገው ነገር ነው። ፍጥነትን በማክ እንለካ። ማክ 1 የድምፅ ፍጥነት ነው፤ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ 295 ሜትር ገደማ ይሆናል። የጄት ሞተር ኮምፕረሰር አየሩ በማክ 0.5 አካባቢ ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይዛነፍ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ብሌዶቹ፣ ማለትም የኮምፕረሰሩ ስስ ክንፎች፣ ራሳቸው በኃይለኛ ፍጥነት እየዞሩ ነው። አየሩ ደግሞ ከድምፅ በላይ ሆኖ ቢገባባቸው ሥራቸውን መሥራት አይችሉም። እና ኮምፕረሰሩ ፍላጎቱን ለማንም አይለውጥም። አውሮፕላኑ ቆመም፣ በማክ 0.85 በረረም፣ በማክ 2 በረረም፣ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ልዩነቱን ማስታረቅ ያለበት አፉ ነው፤ በእንግሊዝኛው ኢንቴክ ወይም ኢንሌት የሚሉት።

ከመነሻው እንጀምር። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ቆሞ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ፣ አየሩ ከፊት ብቻ አይመጣም። ከጎንም፣ ከከንፈሩ ጀርባም እየተጠመዘዘ ይገባል። ከንፈሩ ወፍራምና ክብ ከሆነ አየሩ ተከትሎት ይታጠፋል። ስል ከሆነ ግን አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅና ተረብሾ ኮምፕረሰሩ ላይ ይደርሳል። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከንፈር ያን ያህል የወፈረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 747ዎች ደግሞ ለመነሻ ጊዜ ተጨማሪ መላ ነበራቸው። የሞተሩ መሸፈኛ ዙሪያውን በሮች ነበሩት፤ ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ በመምጠጡ ብቻ ወደ ውስጥ ይከፈታሉ፣ ፍጥነት ሲጨምር ይዘጋሉ። ሃሪየር የተባለው ባለበት ቆሞ የሚነሳ ተዋጊ ጄትም እንዲሁ አፉ ዙሪያ በሮች ደርድሯል። ሞተርም ኮምፒውተርም አያዝዛቸውም፤ የግፊት ልዩነት ይበቃቸዋል። እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ በጣም ደስ ይለኛል።

አውሮፕላኑ በማክ 0.85 ሲበር ነገሩ ይገለበጣል። አሁን አየሩ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ይፈጥናል። ግን ችግር የለም። ከድምፅ በታች ስለሆነ፣ ፊት ያለው አየር የሞተሩን መምጣት በግፊት ሞገድ አማካይነት ቀድሞ ያውቃል። ገና ሳይደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የተረፈው በከንፈሩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ስለዚህ ለመንገደኛ ጄት የማይንቀሳቀስ አፍ በቂ ነው።

ከማክ 1 በላይ ግን ወሬው አይደርስም። አውሮፕላኑ ከድምፁ ቀድሞ ይመጣል። አየሩ የሚያውቀው ሲነካ ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ሾክ ዌቭ ይፈጠራል። ሾክ ዌቭ እጅግ ስስ የሆነ ድንበር ነው። በአንድ በኩሉ ፈጣን አየር፣ በሌላው በኩል የቀዘቀዘ ሳይሆን የሞቀ፣ የታጨቀና ዝግ ያለ አየር አለ። ዝግ ማለቱን እንፈልገዋለን። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ አየሩ ይዞት ከመጣው የግፊት አቅም ከፊሉ ተመልሶ ላይገኝ ይጠፋል።

ምን ያህል? ይህን ሰንጠረዥ በኤክሴል ሠርቼ ሳየው ነው የልብ የገባኝ። አየሩን ፊት ለፊት የሚገጥም አንድ ቀጥ ያለ ሾክ ብቻ ቢኖረን፣ በማክ 1.3 ከግፊት አቅሙ 98 በመቶው ይተርፋል። በማክ 1.5 ላይ 93 በመቶ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከፋም። በማክ 2 ግን 72 በመቶ ብቻ ይቀራል። በማክ 3 ደግሞ 33 በመቶ። ሁለት ሦስተኛው በአንድ ስስ ድንበር ላይ ጠፋ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። ያንን ኪሳራ ሞተሩ በነዳጅ ሊከፍለው ነው።

መውጫውን በጥሩ ሁኔታ ያሰላው የአየር ፍሰት ተመራማሪው ክላውስ ኦስቫቲች ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመን ውስጥ ባቀረበው ሥራ፣ አየሩን በአንድ ትልቅ ሾክ ከማስቆም ይልቅ በብዙ ትንንሽ ሾኮች ደረጃ በደረጃ ማብረድ እንደሚሻል፣ ሾኮቹም እኩል ሲመጣጠኑ ኪሳራው እንደሚያንስ አሳየ። አየሩ ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ላይ የተቀመጠ ተዳፋት ወይም ሾጣጣ ቢያጋጥመው፣ የሚፈጠረው ሾክም ሰያፍና ደካማ ይሆናል። ሁለት ሰያፍ ሾኮች አሳልፎ በመጨረሻ አንድ ደካማ ቀጥ ያለ ሾክ ቢያገኝ፣ በማክ 2 ከ90 በመቶ በላይ ማትረፍ ይቻላል። ከ72 ወደ 90 ማለፍ በእኛ ሙያ ተአምር ነው።

ታዲያ ተዳፋቱን አንዴ በልኩ ሠርቶ መተው አይቻልም? እዚህ ጋ ነው መንቀሳቀስ የሚመጣው። ሾኩ በፍጥነቱ መጠን ይተኛል። 10 ዲግሪ የተዳፋ ግድግዳ እንውሰድ። በማክ 1.5 ሾኩ 57 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ ይቆማል። በማክ 2 ወደ 39 ይወርዳል። በማክ 3 ደግሞ 27 ላይ ይተኛል። ጥሩው ነገር ሾኩ ልክ የታችኛው ከንፈር ጫፍ ላይ ሲያርፍ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከቆመ አየር ወደ ውጭ ይፈሳል፣ መጎተት ይጨምራል። ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ውስጡን ይረብሻል። የውስጡ ጠባብ ጉሮሮም ከፍጥነቱ ጋር መጥበብና መስፋት አለበት። ለማክ 2 የተሠራ ቋሚ ተዳፋት በማክ 1.5 ላይ የሌላ ሰው ጫማ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ በላይ በደንብ የሠራው ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የመንገደኛ አውሮፕላን ኮንኮርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ኮንኮርድ ሲወራ አፍንጫው መታጠፉ ይነሳል፤ ለእኔ ግን ድንቁ ያለው ክንፉ ሥር ነው። አራቱ ሞተሮች ሁለት ሁለት ሆነው በጎን ተደርድረዋል፣ ለእያንዳንዳቸው አራት ማዕዘን አፍ አላቸው። የአፉ ጣሪያ ላይ ራምፕ የሚባሉ ሁለት የሚታጠፉ ተዳፋቶች አሉ፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ። በመካከላቸው ክፍተት ተትቷል። ግድግዳውን ታክኮ የሚመጣው የደከመ አየር በዚያ ክፍተት ይወጣል፣ ሞተሩን አልፎ ማቀዝቀዣ ይሆናል። ወለሉ ላይ ደግሞ በር አለ። ሲነሳ ተጨማሪ አየር ያስገባል፣ ፍጥነት ላይ እያለ ሞተሩ በድንገት ቢቀንስ የተረፈውን አየር ወደ ውጭ ይጥላል። አንድ በር፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ።

በማክ 2 ላይ ያ አፍ አየሩን ከማክ 2 ወደ ማክ 0.5 ያወርደዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ውስጥ ነው። በዚያው መንገድ ግፊቱ ሰባት እጥፍ ያህል ያድጋል። አንድም የሚሽከረከር ብሌድ ሳይነካው! ከዚያ በኋላ ኮምፕረሰሩ ይቀበልና ጠቅላላው ወደ 80 እጥፍ ይደርሳል። ሙቀቱም ይከተላል። ውጭ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ የነበረው አየር ኮምፕረሰሩ ደጃፍ ሲደርስ 117 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው።

አሁን ለብዙ ሰው የማይዋጠውን ነገር ልንገራችሁ። በማክ 2 ጉዞ ላይ ኮንኮርድን ወደፊት ከሚገፋው ኃይል 63 በመቶው የሚያርፈው አፉ ላይ ነው፣ 29 በመቶው ኋላ ጋዙ በሚወጣበት ኖዝል ላይ። ሞተሩ ራሱ የሚሸከመው 8 በመቶ ነው። ሞተሩ ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም። ሞተሩ ባይመጠው ይህ ሁሉ አይሆንም። ነገር ግን ጉሮሮውን አልፎ የሚሰፋው የውስጥ ግድግዳ ላይ የታጨቀው አየር ወደፊት ይጫናል፤ አውሮፕላኑ በዋናነት የሚገፋው በዚያ ግድግዳ ነው። ይህን ቁጥር ሳስብ "ቀዳዳ" የሚለው ቃል በጣም ያንስብኛል።

ራምፖቹን የሚመራው ማነው? አብራሪው አይደለም። የሙከራ አውሮፕላኖቹ በአናሎግ መሣሪያ ጀመሩ፤ ትክክለኛነቱ አልበቃ ሲል ለመንገደኞች የተሠሩት ዲጂታል ኮምፒውተር ተገጠመላቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 1976 አገልግሎት ሲጀምር፣ ይህን የመሰለ ዲጂታል መቆጣጠሪያ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ብርቅ ነበር። ወደዚያ የደረሱት በዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የፈረንሳዩ የሙከራ ኮንኮርድ በማክ 2 ላይ እያለ ሞተሩ ሰርጅ አደረገና አንድ ራምፕ ተገንጥሎ ወጣ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፣ መሐንዲሶቹም ራምፑን አጠናከሩት። ከዚያ በኋላ ሰዎች በማክ 2 እየበሩ ምሳቸውን ሲበሉ፣ ከሥራቸው አራት አፎች ያለማቋረጥ ይስተካከሉ ነበር። ማንም ሳይሰማው።

የኤስአር 71 ብላክበርድ ግን ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1964 መጀመሪያ የበረረው ይህ የስለላ አውሮፕላን ከማክ 3.2 በላይ ይሄድ ነበር። በእያንዳንዱ ሞተር አፍ መሃል ትልቅ ሾጣጣ አለ፤ ስፓይክ ይሉታል። እስከ ማክ 1.6 ወደፊት ወጥቶ ተቆልፎ ይቆያል። ከዚያ በላይ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ወደኋላ ይሸሻል፤ በጠቅላላ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል። ሲሸሽ አፉ የሚይዘው አየር ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ጉሮሮው ደግሞ ይጠባል።

ልዩነቱ ሾኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። በብላክበርድ የመጨረሻው ሾክ አፉ ውስጥ፣ ከጉሮሮው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ሲሆን ትርፉ ትልቅ ነው። ግን አቀማመጡ ሰላም የለውም። ትንሽ ከተነካ ሾኩ ተተፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል። አንስታርት ይባላል። የአንዱ ሞተር ጉልበት በቅጽበት ይጠፋል፣ የሌላው እንዳለ ነው፣ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ወደ አንድ ጎን ይወረውራል። አብራሪዎች የራስ ቁራቸው ከመስታወቱ ጋር ይጋጭ እንደነበር ይናገራሉ።

እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1966 ቢል ዊቨርና ጂም ዝዌየር በብላክበርድ፣ በማክ 3.18 ከ24 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ይበሩ ነበር። የቀኙ አፍ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ስለተበላሸ በእጅ እየተስተካከለ ነበር። ለሙከራው ሲባል የክብደት ማዕከሉም ወደኋላ ተገፍቷል። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የቀኙ አፍ አንስታርት አደረገ። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተበታተነ። ዊቨር ከመቀመጫው ተነቅሎ ወጥቶ በፓራሹት ተረፈ፤ ዝዌየር ሕይወቱ አለፈ። የእኔ ማሽን ሰርጅ ሲያደርግ መቆጣጠሪያው ይዘጋዋል፣ እኛም ፋይል ከፍተን ምክንያቱን እንፈልጋለን። እነሱ ግን ያንን በሰከንድ ውስጥ በአካላቸው ነው ያዩት። በኋላ መሐንዲሶቹ አንዱ አፍ አንስታርት ሲያደርግ ሌላውንም ሆን ብሎ የሚያስተፋ፣ ከዚያ ሁለቱን አብሮ የሚመልስ ሥርዓት ሠሩ። አውሮፕላኑ ቢያንስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በ1980ዎቹ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ሲገባ ችግሩ እጅግ ቀነሰ።

ሌሎቹን፣ ተዋጊ ጄቶቹን፣ በአጭሩ ልለፍ። ሚግ 21 አፍንጫው ራሱ አፍ ነው፤ መሃሉ ያለው ሾጣጣ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ሚራዥ 3 በሁለቱ ጎኖቹ ግማሽ ሾጣጣዎች አሉት፣ እነሱም ይንሸራተታሉ። ኤፍ 15 የአፉን የፊት ክፍል በሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ያጎነብሳል፤ ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ በዓይን ይታያል። ሚግ 29 ደግሞ መሬት ላይ እያለ ዋናውን አፉን በበር ዘግቶ ከክንፉ መነሻ በላይኛው ገጽ ላይ በተከፈቱ መስኮቶች ይተነፍሳል፤ ድንጋይና ቆሻሻ እንዳይውጥ። ማጣሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ልብ የሚያሞቅ ሐሳብ ነው።

ኤፍ 16 ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ሆዱ ሥር የተከፈተ ቋሚ አፍ ብቻ። እሱም ማክ 2 ይነካል። ታዲያ ያ ሁሉ ጣጣ ለምን? ይህን ጥያቄ ባልደረቦቼም ያነሱብኛል። መልሴ፣ መንካትና መኖር ይለያያሉ የሚል ነው። ተዋጊ ጄት አብዛኛውን ጊዜውን ከድምፅ በታች ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። በዚያ ክልል አንድ ሾክ የሚያስከፍለው ትንሽ ነው፤ ሰንጠረዡ ይናገራል። ለማይኖርበት ፍጥነት ሃይድሮሊክ፣ ማጠፊያና መቆጣጠሪያ መሸከም ክብደት ነው፣ ጥገና ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይጣበቃል፤ እኔ ይህን በየቀኑ የማየው ነው። የቢ 1 ቦምብ ጣይ ታሪክም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቢ 1ኤ የሚስተካከል አፍ ነበረው፣ ከማክ 2 በላይም ደረሰ። ቢ 1ቢ ሲመጣ አፉ ቋሚ ተደረገ፣ ፍጥነቱም ወደ ማክ 1.25 ወረደ። ኤፍ 35 ደግሞ አፉ ደጃፍ ላይ አንድ እብጠት አስቀምጦ የደከመውን አየር ወደ ጎን ይገፋል፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ቆንጆ ሥራ ነው፣ ከማክ 1.6 ለማያልፍ አውሮፕላን።

ሰሞኑን ደግሞ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን እንደገና እየተነሳ ነው። ቡም የተባለው ድርጅት ኦቨርቸር ለሚለው አውሮፕላኑ መጀመሪያ ማክ 2.2 ብሎ ነበር፤ አሁን ማክ 1.7 ይላል። ብዙዎች ቅር ተሰኝተዋል። እኔ ሰንጠረዤን ከፈትኩ። በአንድ ቀጥ ያለ ሾክ ብቻ፣ በማክ 2.2 የሚተርፈው 63 በመቶ ነው። በማክ 1.7 ግን 86 በመቶ። አንድ ሰያፍ ሾክ ብትጨምሩበት ከዚያም ይሻላል። በማክ 1.7 የሚኖር አፍ እንደ ኮንኮርድ መታጠፍ ላያስፈልገው ይችላል። እኔ ብሆንም ያንን ፍጥነት እመርጥ ነበር። አውሮፕላኑ ተሠርቶ ሲወጣ ግን መጀመሪያ የማየው ያው ከንፈሩን ነው።